ደወሉ ዝም ያለ ሰሞን

ልጄ ፈተና ልትፈተን ነው ሲባል መጀመሪያ ሳቅኩ። ሽበት ብቅ ብቅ ያለባት፣ የጫማ ፋብሪካ የስፌት ክፍል በሙሉ የምታዝ ሴት መጽሐፍ ታቅፋ ልትቀመጥ ነው? ኋላ ነገሩን አጣርቼ ስሰማ ሳቄን ተውኩት። ፋብሪካውን የገዙት አዲሶቹ ሰዎች፣ የሥራ አመራር ብቃት ማረጋገጫ ፈተና ያላለፈ ሰው ክፍል አይመራም ብለዋል። ያለፈ በቦታው ይቀጥላል። የወደቀ ወደ ስፌት መኪናው ይመለስና ወረቀት ያለው አንድ ልጅ እግር ይሾምበታል። ልጄ ደግሞ አንዴ ወድቃለች። ይሄኛው ሁለተኛውና የመጨረሻው ነበር።

የወደቀችው ሥራውን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። እናቷ ነኝና አዳላለሁ ትሉኝ ይሆናል፣ ግን ጥርሷን የነቀለችበት ሥራ ነው። ችግሯ መቀመጥ ነው። መጽሐፍ ፊት ስትቀመጥ ዓይኗ ያነባል፣ ሐሳቧ ግን ፋብሪካ ይሄዳል። ገጹን ትገልጣለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ምን አነበብሽ ቢሏት ምንም የለም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው የሆነባት።

ታዲያ በዚህኛው ዙር ዘዴ አመጣች። መጽሐፉ የሚያስተምረው የአመራር ፍልስፍና ነው አለችኝ፤ እኔ በራሴና በቤቴ ካልሠራሁበት ምኑን ተማርኩት አለች። እንዲህ ብላ ቤታችንን ፋብሪካ አደረገችው። መጀመሪያ የጀመረችው ከወጥ ቤት ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ቦታ አለው ብላ መደርደሪያው ላይ በቀለም ክብ ክብ ሣለች፤ የጨው ክብ፣ የስኳር ክብ፣ የኩባያ ክብ። ከክቡ የወጣ ዕቃ ጥፋት ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጨው ጠፍቶብኝ አያውቅም ብል ማን ሰምቶኝ።

ሁለተኛው ለምን የሚባለው ነው። አንድ ቀን ሾርባ አረረብኝ። ለምን አረረ አለችኝ። እሳቱ በርትቶ። ለምን በረታ? ረስቼው። ለምን ረሳሽው? የሸሚዝ ቁልፍ እየተከልኩ። ለምን በዚያ ሰዓት ተከልሽ? ጎረቤታችን ሸሚዙን ዛሬ ስለሚፈልገው። ለምን ዛሬ ፈለገው? ራቁቱን እንዳይሄድ ነዋ አልኳት። አማቼ፣ የልጄ ባል፣ የጎረሰውን ሊተፋው ምንም አልቀረው። ለምን ለምን እያለ የጠየቀ የችግሩን ሥር ያገኛል ይላል መጽሐፏ። እኔ ያገኘሁት ያረረ ድስት ማጠብ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቁን ከዘጋሁ ቆይቻለሁ፤ ግን መርፌና ክር ካልያዝኩ ቀኑ አይመሽልኝም፣ የሰፈሩ ቁልፍና ዘርፍ በሙሉ በእጄ ያልፋል። ቀኝ ዓይኔ ከድሮም ጭጋግ ናት፤ ብርሃንና ጨለማ ብትለይ ነው። የምሰፋውም፣ የማየውም፣ ሰው የምታዘበውም በግራዋ ነው። ይሄን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ሦስተኛው ዘዴ ደወሉ ነው። በዚያ ፍልስፍና፣ ጥፋት ያየ ሠራተኛ፣ ወለል የሚጠርገው ሰው እንኳ ቢሆን፣ ገመድ ስቦ ሥራውን በሙሉ ማስቆም ይችላል አሉ። አለቃው ሮጦ ሲመጣ አይቆጣም። መጀመሪያ አመሰግናለሁ ይላል፣ ቀጥሎ ምን አየህ ብሎ ይጠይቃል። ሰውየው ተሳስቶ ቢሆንም ይመሰገናል፤ አንዴ የተቆጡት ሠራተኛ ዳግመኛ ገመዱን አይነካም፣ ጥፋቱም ተሸፋፍኖ ያልፋል። ይሄንን ስትነግረኝ፣ ይሄማ የእኛው ነው አልኳት፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም? እሷም ልክ ነሽ እማዬ ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። የተማርኩ መሰለኝ።

አማቼ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። የብስክሌት ደወል አመጣና የወንበሬ ክንድ ላይ በብሎን አሰረልኝ። ወንበሬ ከማጥኛ ጠረጴዛዋ ትይዩ ናት። ከሥራ መልስ እሷ ትቀመጣለች፣ እኔ ከመርፌዬ ቀና እያልኩ አያታለሁ። ሐሳቧ ሲሄድ አውቃለሁ፤ የታችኛው ከንፈሯ ትንሽ ይወርዳል፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲሁ ናት። ያኔ ደወሉን ቅጭል አደርገዋለሁ። እሷም ትባንንና አመሰግናለሁ እማዬ፣ ምን አየሽ ትላለች። ከንፈርሽን እላታለሁ። ስቃ ትመለሳለች። እውነት ለመናገር ሠራ። ያነበበችውን ጮክ ብላ ትነግረኝ ጀመር፣ እኔም ሳላውቀው ግማሽ ኃላፊ ሆንኩ።

ችግሩ ጭንቀቴ ነው። ሰው ሲጨንቀው እጁ ሥራ ይፈልጋል፤ የእኔ እጅ ደግሞ አጠገቡ ደወል አለ። ስልኳን ስታነሳ ደወልኩ። ሳትበላ ስትቀመጥ ደወልኩ። አማቼ ዳቦ ሲያኝክ ድምፁ በዛ ብዬ ደወልኩ፤ እሱ ራሱ አመሰግናለሁ እማማ፣ ምን አዩ አለኝ፣ ጥርስህን አልኩት። ብርድ ይመታታል ብዬ ደወልኩ። እሷም በየጊዜው አመሰግናለሁ ትላለች፤ ግን ምስጋናዋ እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ በአፍንጫዋ ሆነ። እኔ ያንን መስማት ነበረብኝ። አልሰማሁም።

አንድ ቀን ምሽት ላይ መጽሐፉ ላይ አፍጥጣ ለረጅም ጊዜ ገጽ ሳትገልጥ ቀረች። ከንፈሯን አየሁት፣ ወረደ መሰለኝ። ቅጭል አደረግኩት። ለካ ከባዱን ጥያቄ ይዛ ልትፈታው ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፤ ሐሳቡ ብን ብሎ ጠፋባት። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ መታችው።

"በቃ እማዬ" አለች። "ከእንግዲህ እጅሽ ያንን ደወል እንዳይነካ። ከወደቅሁ የምወድቀው በአንቺ ነው።"

ምላስ አጥንት የለውም፣ ግን አጥንት ይሰብራል። እኔም ምላስ አላነሰኝም። ቆሜ፣ ዳግመኛ ብደውል ዓይኔን ግንባር ያድርገው አልኩና ወደ መኝታ ቤቴ ገባሁ። አማቼ በሁለታችን መካከል ቆሞ የቱ ጋ እንደሚሄድ ጠፋበት።

በማግስቱ ብርቱካን ይዛልኝ መጣች። ልጣ፣ ፍሬውን ለይታ በሳህን ሰጠችኝ። ይቅርታው ከአፏ ባይወጣም ከእጇ ወጥቷል፤ ልጄን አውቃታለሁ። እሷም እኔን ታውቀኛለች፣ ግትር ነኝ። ብርቱካኑን በላሁ፣ ደወሉን ተውኩት።

ፈተናው ሲቃረብ ነው ነገሩ የመጣብኝ። ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ሳስገባ ከዓይኔ ጥግ ብልጭ አለ። መብራቱን ቀና ብዬ አየሁ፣ አልበራም። ደግሞ ብልጭ አለ። ከዚያ ትንኝ የሚመስል ጥቁር ነገር ፊቴ ላይ ይንሳፈፍ ጀመር፤ በእጄ ባባርረው የት ይሄዳል። ድካም ነው ብዬ ተኛሁበት። በማግስቱ ስነቃ በግራ በኩል ጥላ ወርዷል፤ መጋረጃ በከፊል የተሳበበት ቤት ነው የመሰለኝ። የሳሎናችን መስኮት በትንንሽ መስታወት የተከፋፈለ ነው። ቀጥ ብዬ መሐሉን አየሁ። የዳሩ መስታወቶች የሉም።

መሐላዬ ትዝ አለኝ። ገና ሳልደውል፣ መሐላዬንም ሳላፈርስ፣ ምነው ቀደምከኝ ብዬ ፈጣሪዬን ተቆጣሁት። ወዲያው ደነገጥኩና ይቅር በለኝ አልኩት። ፈራሁ። ያቺ አንዷ ዓይኔ ከሄደች ልብስ ሰፊ አይደለሁም፤ ሰው የሚመራኝ፣ ሰው የሚያጎርሰኝ አሮጊት ነኝ።

እጄን ደወሉ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ አሰብኩት። አሁን ብነግራት መጽሐፏን ጥላ ሐኪም ቤት ታዞረኛለች፤ ወረፋው፣ ምርመራው፣ ነገ ተመለሱ የሚሉት። ቀኑ ያልቃል፣ ፈተናው ይደርሳል፣ ትወድቃለች። ያኔ እውነትም በእኔ ወደቀች ማለት ነው። ተፈትና ትውጣ እንጂ እነግራታለሁ፣ ዓይን እንደሆነ የትም አይሄድ አልኩ። እጄን አነሳሁ።

ከዚያ በኋላ የዋልኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የማደርገው መስኮቱን ማየት ሆነ። ጥላው አልቆመም፤ ዛሬ አንዱን መስታወት ይበላል፣ ነገ ወደ ቀጣዩ ይጠጋል። መርፌውን አስቀመጥኩት። ሸሚዝ ይዞ ለመጣ ሁሉ፣ የልጄ ፈተና እስኪያልፍ አረፍኩ እላለሁ፤ ሰውም ወይ እናት ብሎ ያደንቀኛል። የሳቅኩበት የወጥ ቤት ክብ ደግሞ ሸሸገኝ። ጨው ከቦታው፣ ኩባያ ከቦታው ስለማይወጣ ሳላይ አነሳለሁ፣ ሳላይ እመልሳለሁ። ልጄ ሥርዓት ያወጣችው ጥፋት ቶሎ እንዲታይ ነበር፤ እኔ ጥፋቴን ደበቅኩበት።

እሷ ግን ደስ ብሏታል። እራት ላይ ቤቱ እንዴት ሰላም ሆነ አለች፤ እንዲህ ጸጥ ያለ ቤት ቀድሞ ቢኖረኝ ያኔም አልወድቅም ነበር አለች። ጥርሴን ነክሼ ሳቅኩላት። አማቼ ብቻ ደወሉን አየ፣ እኔን አየ። እማማ፣ እርስዎ ዝም ሲሉ እኮ እኔ እፈራለሁ፣ ደወሉ ዘይት ጨረሰ እንዴ አለኝ። አንተ ሰንሰለትህን ጠግን አልኩት። ሳቀ፣ ግን ዓይኑን ከደወሉ ቶሎ አላነሳም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉት ነገር ነው።

በፈተናው ዋዜማ የአዳራሹን ደንብ ነገረችን። ስልክ በር ላይ ይሰበሰባል፤ ከአዳራሽ የወጣ ሰው ተመልሶ አይገባም፤ ሽንት ቤትም ቢሆን፣ ወጣ ማለት ጨረሰ ማለት ነው። እንግዲያው ሻይ አታብዢ አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን። ከብርቱካኑ በኋላ አብረን የሳቅነው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጠዋት ሻይ ልቀዳላት ተነሳሁ። እሷ ቸኩላ ኩባያውን ከተለመደው ቦታ ገፋ አድርጋዋለች። እኔ በለመድኩት ቀዳሁ። ትኩሱ ሻይ ጠረጴዛ ልብሱ ላይ ፈሰሰ፣ እኔ ግን የፈሰሰው ሲነካኝ ነው ያወቅሁት። ልብሱን አየችው፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ለአንቺ ፈርቼ እጄ ተንቀጥቅጦ ነው አልኳት። ጠረገችው። በሩ ድረስ ልሸኛት ስሄድ ግራ ትከሻዬ ከመቃኑ ጋር ተጋጨ። ያንንም አየች። ሂጂ፣ ሂጂ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆንብሽ ቀስ ብለሽ አንብቢ ብዬ ገፋኋት። ደረጃው ላይ አንዴ ዞረች። ከዚያ ሄደች።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። አማቼ ሥራው ላይ ነው፤ ቤቱ ጭር ብሏል። መስኮቱን አየሁ። ጥላው መሐል ደርሷል፤ ከመስኮቱ የቀረኝ የቀኙ በኩል ብቻ ነው። አሁን ተቀመጠች፣ አሁን ወረቀቱን ሰጧት፣ አሁን ከንፈሯ ወረደ እያልኩ በሐሳቤ ተከተልኳት። እጄ በልማድ ወደ ደወሉ ሲሄድ መልሼ ጭኔ ላይ አሳርፈዋለሁ። ከሁለቱ የትኛውን እንደፈራሁ እንኳ መለየት አቃተኝ፤ ፈተናውን ይሁን መጋረጃውን።

በሩ ተከፈተ። ፈተናው ገና አጋማሹ ላይ የሚደርስበት ሰዓት ነው። አማቼ መሰለኝ። እርምጃዋን ስሰማ ግን አወቅኋት፤ ሮጣ ነው የመጣችው፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ምን ሆነሽ አልኳት። ቦርሳዋን መሬት ጣለችው።

ቆማ ነገረችኝ። ጥሩ ጀምራ ነበር፣ ጥያቄዎቹን ታውቃቸዋለች። መሐል ላይ አንዱ እንዲህ ይላል፤ ሠራተኞቹ በየቀኑ ገመድ እየሳቡ ሥራ የሚያስቆሙበት አንድ ክፍል አለ፤ በድንገት ሰሞኑን ማንም ገመዱን አልነካም፤ ኃላፊው መጀመሪያ ምን ማድረግ አለበት? ሠራተኞቹን ይሸልም፣ ሥራውን ይጨምር፣ ለበላይ ያሳውቅ፣ ወይስ ራሱ ወደ ቦታው ሄዶ በዓይኑ ይይ። መልሱን ታውቀዋለች፤ ለእኔ ጮክ ብላ ያነበበችልኝ ነው። ጥፋት የሌለበት ክፍል የለም፣ ዝም ያለ ክፍል የፈራ ክፍል ነው። መልሱ ላይ ምልክት አደረገች። ወደሚቀጥለው ጥያቄ ልትሄድ ብትል ጠረጴዛ ልብሱ ላይ የፈሰሰው ሻይ ፊቷ ላይ መጣ። አንዴ አነበበች፣ ደግማ አነበበች፣ የምታየው ሻዩን ነው። መቃኑን ነው። ብዕሯን አስቀመጠችና ተነሳች። ጠባቂው፣ ከወጣሽ አትመለሺም፣ ገብቶሻል ወይ ብሎ ጠየቃት። ገብቶኛል አለችው።

ደሜ ፈላ። እብድ ነሽ እንዴ አልኳት። ለአንድ ስኒ ሻይ ብለሽ እንጀራሽን ጥለሽ መጣሽ፣ ነገ ልጅ እግሩ ፊት ስትቀመጪ ምን ትያለሽ፣ ተመለሺ፣ ለምኛቸው፣ እናቴ ታማ ነው በይ። ይሄ የመጨረሻው ከአፌ አመለጠኝ።

መጥታ ወንበሬ ፊት ወለሉ ላይ ተንበረከከች።

"እማዬ፣ ለምንድነው የማትደውዪው?"

እንዳልረብሽሽ አልኳት። ለምን እንዳትረብሺኝ አለች። እንዳትወድቂ። ለምን የምወድቅ መሰለሽ? አንቺው በአንቺ ነው ብለሽኝ። እዚህ ላይ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ግን አላቆመችም። ያንን ያልኩሽ ያኔ ነው፤ ዛሬስ ለምን ሻዩን ውጭ ቀዳሽ?

ይሄንን የሾርባውን ጥያቄ እጠላው ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠ ብዬ ልደግም ፈለግኩ፤ ፊቷን ሳየው አልቻልኩም፣ አንጀቴን በላችው። ከልጅነቷ ጀምሮ የማውቀውን ያንን ከንፈሯን ፈለግኩት፤ ወርዶ እንደሆነ ለማየት። በጥላው በኩል ያለውን ጥጉን አጣሁት። መሐላውንም፣ ኩራቴንም ትቼ ጣቴን በወንበሩ ክንድ ላይ አንፏቀቅሁና ደወሉን አገኘሁት።

ቅጭል አለ። ሰሞኑን ጸጥ ብሎ የከረመ ቤት ነውና ሁለታችንም ደነገጥን።

ልጄ እጄን ከነደወሉ ያዘችው። "አመሰግናለሁ እማዬ" አለች፤ ድምፅዋ ተሰባበረ። "ምን አየሽ?"

"ግማሽሽን" አልኳት።